የማክሰኞው ገጽ

ሐሙስ ጠዋት፣ ገና ሦስት ሰዓት ሳይሞላ፣ አቶ ወልደሰንበት ከውስጠኛው ክፍል ሮጠው ወጡ። አቶ ወልደሰንበት የሙዚየማችን ኃላፊ ናቸው። ሲሮጡ አይቼ አላውቅም፤ እውነቱን ለመናገር ሲቆሙም ብዙ አይቼ አላውቅም። ቀኑን የሚጨርሱት ከቴርሞሳቸው ጀርባ ተቀምጠው ነው።

«ጥሩምባው የለም» አሉ።

ሙዚየም ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። አቃቂ ገበያ ፊት ለፊት ያለ፣ ድሮ ቀበሌ የነበረ፣ ጣሪያው የሚያፈስ ሁለት ክፍል ነው። የመጀመሪያው ክፍል ውስጥ የባቡር ጣቢያ ፋኖስ፣ የፋብሪካ ሠራተኞች መታወቂያና የማይሠራ የግድግዳ ሰዓት አለ። ሁለተኛው የገበሬዎቹ ነው፤ ቀንበር፣ የወተት ዕቃ፣ ጫፉ የዛገ ጦር፣ በመስታወት ሳጥን ውስጥ ደግሞ ሦስት ማርትሬዛ ብርና አንድ የነሐስ ጥሩምባ። መግቢያው በነጻ ነው፤ በነጻም ሆኖ ሰው አይመጣም። ገበያ የወጣ ሰው ዝናብ ሲይዘው ይገባል፣ ሲያባራ ይወጣል። እኔ ሳምራ የተቀጠርኩት ለጽዳት ነው። አስጎብኚ ስለሌለ ግን አስጎበኛለሁ። ትምህርቴን ስድስተኛ ክፍል ላይ ስላቋረጥኩ የማላውቀውን ከራሴ እጨምርበታለሁ። እስካሁን ተይ ያለኝ የለም።

ገብተን አየን። የውጭው በር አልተሰበረም፣ የመስታወቱ ሳጥንም አልተሰበረም። ማርትሬዛዎቹ ቦታቸው ላይ ናቸው። ጥሩምባው ተኝቶበት የነበረው ቀይ ጨርቅ ግን አራት ቦታ ታጥፎ ተቀምጧል። ሳጥኑን መክፈት ቀላል ነው፤ ቁልፉ ሳጥኑ ላይ ነው የሚቀመጠው። አቶ ወልደሰንበት ሁለቴ ስለጠፋባቸው እዚሁ ይሁን ብለው ነበር።

ፖሊስ የመጣው ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ነው፤ በእግሩ። ኢንስፔክተር ተስፋሚካኤል ይባላል። ረጅም፣ ጎንበስ ያለ፣ አንድ ጉንጩ ያበጠ ሰው ነው። ጥርሱን አሞት ኖሯል። የጣቢያው መኪና ነዳጅ እንደሌላት፣ ጥርስ ነቃዩም ለሰኞ እንደቀጠረው ሳንጠይቀው ነገረን። ከዚያ ከኪሱ ቅርንፉድ አውጥቶ ጥርሱ ላይ ወተፈና ሥራ ጀመረ። ነሐሴ ነው፤ ጾሙ ፍልሰታ ነው፤ ዝናቡ ሦስት ቀን አላባራም። ሁላችንም ደክሞን ነበር። እሱ ግን ደክሞት የተወለደ ነው የሚመስለው።

ጥሩምባውን ፈልጎ የመጣ፣ የጠየቀ ሰው አለ ወይ አለ። አቶ ወልደሰንበት ማንም አልመጣም ብለው መለሱ። ፎቶው ይሰጠኝ አለ። ፎቶ የለም አሉ። የንብረት መዝገቡ ላይ የተጻፈው «ጥሩምባ፣ 1» ብቻ ነው። ለመጨረሻ ጊዜ የታየው መቼ ነው ሲል ግን ደረታቸውን ነፍተው የጽዳትና የንብረት ቁጥጥር ቅጹን አመጡ። እሮብ፣ ከቀኑ 11 ሰዓት፣ «ተጠርጓል፤ ዕቃው ተሟልቷል» ይላል። ከጎኑ ፊርማ።

«ያንቺ ነው?» አለኝ።

«የኔ ነው» አልኩ። የኔም ነበር። ስለዚህ ፊርማ በኋላ እመጣበታለሁ፤ አትቸኩሉ።

ሥራው ቀለለለት። ዕቃው እሮብ 11 ሰዓት ላይ አለ፤ ሐሙስ ጠዋት የለም። የጎብኚዎችን መዝገብ ከፍቶ የእሮብን ገጽ ብቻ አየ። ሁለት ሰው ነው የመጣው፤ ሁለቱም «ጥሩ ነው» ብለው ጽፈዋል። መዝገቡን ዘጋው። በሩ የተከፈተው በቁልፍ ነው። ቁልፉ ደግሞ ሁለት ነው፤ አንዱ ፊት ለፊት ካለው ሱቅ ያድራል፣ አንዱ ዘበኛው ጋ ነው።

ዘበኛው ጋሽዬ ነው። ጋሽዬ ፍቅሩ የእናቴ ወንድም ነው፤ እናቴ ከሞተች ጀምሮ ያሳደገኝ እሱ ነው። የምንኖረው ግቢው በር ላይ ባለችው አንዲት ክፍል ነው። ክፍሏ የዘበኛ ናት፤ ሥራው ከሄደ ክፍሏም ትሄዳለች። ከዚያ እኛ የት እንደምንሄድ አላውቅም።

ኢንስፔክተሩ ሌሊት ከግቢ ወጥተሃል ወይ አለው። ጋሽዬ ዓይኔን አልከደንኩም አለ። ኢንስፔክተሩ መልሱን ትቶ ጫማውን አየ። ስፌቱ ውስጥ ግራጫ ዱቄት ገብቶ፣ ከውሃ ጋር ተቦክቶ ደርቋል።

«የኛ ሰፈር ጭቃ ጥቁር ነው» አለ። «ይህን ከየት አመጣኸው?»

ጋሽዬ ዝም አለ። ጋሽዬ ዝም ካለ ዋሽቷል ማለት ነው፤ እኔ ይህን ከልጅነቴ አውቃለሁ። ኢንስፔክተሩ በአንድ ደቂቃ አወቀው።

ይዘውት ሄዱ። ቅዳሜ ጠዋት ፍርድ ቤት ይቀርባል፣ ጊዜ ቀጠሮ ይጠየቅበታል ተባለ። እኔን ደግሞ ኢንስፔክተሩ ከኔ ጋር ትዞሪያለሽ አለኝ። ፎቶ ስለሌለ ጥሩምባውን ቢያገኘው እንኳ እሱ መሆኑን የሚነግረው የለም፤ በእጄ የምወለውለው እኔ ነኝ። ከዘበኛው ዘመድ ጋር መዞሩ ደንብ ይሁን አይሁን ጠየቅኩት። ደንቡ መኪና እንዲኖረውም ይል ነበር አለኝ።

«ብዙ ታወሪያለሽ?» አለ መንገድ ስንሻገር።

«ትንሽ።»

«እኔ ጥርሴን ያመኛል። ዝም ተባብለን እንሂድ።»

ዝም አላልኩም። ጋሽዬ ታስሮ ዝም ማለት አልችልበትም።

መጀመሪያ ሱቁ ገባን። ሀይረዲን የስልጤ ልጅ ነው፤ ከብስኩት ካርቶኖቹ ጀርባ ምስማር ላይ ሠላሳ የሚሆን ቁልፍ ሰቅሏል። ሰፈራችን እንዲህ ነው የሚኖረው። ሥራ የሚወጣ ሰው ቁልፉን ሀይረዲን ጋ ይተዋል፣ ቀድሞ የተመለሰ ይወስዳል። ሙዚየሙም እንደማንኛውም ቤት ማታ ቁልፉን እዚያው ያሳድራል። ኢንስፔክተሩ ቁልፎቹን አይቶ ተነፈሰ። ለማን ሰጠኸው አለው። ሀይረዲን እሮብ ማታ ከኔ ተቀብሎ ሐሙስ ጠዋት ለኔ እንደሰጠ ነገረው። በመሃል ሱቁን ከውስጥ ቆልፎ ስኳር ጆንያ ላይ ተኝቷል፤ የአጎቱ ልጅም አብሮት ነበር።

«ተሳስተህ ለሌላ ሰው ሰጥተህ እንዳይሆን።»

«ኢንስፔክተር፣ እዚህ ሰፈር ሚስቱን የማያምን ሰው ቁልፉን ለኔ አምኖ ይሰጣል» አለ ሀይረዲን። ተቀይሞ ነበር። ቢሆንም ለጥርሱ ቅርንፉድ በወረቀት ጠቅልሎ ሰጠው።

በዚያ ቀን ሌላ የተገኘ ነገር የለም። ማታ ለጋሽዬ ሽሮ አደረስኩ። አላስገቡኝም፤ ሳህኑን ብቻ ተቀበሉኝ። ከውስጥ ሲያስል ሰማሁት።

አርብ ጠዋት ኢንስፔክተሩ የጫማውን ዱቄት ተከትሎ ቃሊቲ ወሰደኝ። ታክሲ ሰልፍ ላይ አርባ ደቂቃ ቆመናል። ሲሚንቶ የሚራገፍባቸው መጋዘኖች ጋ እየተዘዋወረ የጋሽዬን ስም ጠራ፤ አራተኛው ላይ ተቆጣጣሪው አወቀው። ፍቅሩ ከሰኔ ጀምሮ በሳምንት ሦስት ሌሊት ይመጣል አለ። እሮብም መጥቶ፣ አንድ ተሳቢ ሙሉ አራግፎ ንጋት ላይ ሄዷል።

እኔ ይህን አላውቅም ነበር። ጠዋት ጠዋት ወገቤን ሲል፣ ወንበር ላይ ስለሚያድር ይመስለኝ ነበር። እኔማ ስቄበት አውቃለሁ፤ ተቀምጦ የሚደክመው ዘበኛ እል ነበር።

«እንግዲህ እሱ አልሰረቀም» አልኩ።

«አልጠበቀምም» አለ ኢንስፔክተሩ። «አድሬያለሁ ብሎ ቃል ሰጥቶ ፈርሟል። ለሌላ ሰው ክፍት ትቶለት አለመሄዱን በምን አውቃለሁ? ሌባው ካልተገኘ ነገ እሱን ነው የማቀርበው።»

ከቃሊቲ ስንመለስ ከገበያው ጀርባ አሮጌ ብረት የሚገዛው አምባው ጋ ጎራ አልን። ይህን የጠቆምኩት እኔ ነኝ። ከሁለት ሳምንት በፊት ዝናብ ይዞት ገብቶ ነበር፤ ጥሩምባውን በጥፍሩ መታ መታ አድርጎ ነሐሱ ወፍራም ነው ብሎ ወጣ። ግቢው ውስጥ የአልጋ ብረት፣ ምጣድ፣ የመኪና በር ተከምሯል። እኛን ሲያይ አንድ ጆንያ በእግሩ ወደኋላ ገፋ። በጆንያው ቀዳዳ ቢጫ ብረት ሲያበራ አየሁ። በቃ ጋሽዬ ተፈታ ብዬ ጆንያውን ራሴ ዘረገፍኩት።

ስምንት የመታጠቢያ ቤት ቧንቧ ወጣ። አዲስ ነው፣ ከነፕላስቲኩ።

ኢንስፔክተሩ ቧንቧዎቹን አየና ዓይኑን ጨፈነ። የሆቴል ናቸው፣ ሌላ መዝገብ አላቸው አለ። ከዚያ አምባውን እሮብ ማታ የት እንደነበረ ጠየቀው።

«እናንተ ጋ» አለ አምባው።

«እኛ ጋ የት?»

«ጣቢያ ነዋ። በጠብ ይዛችሁኝ እስከ ሐሙስ እኩለ ቀን አሳደራችሁኝ። ብርድ ልብስ እንኳ አልሰጣችሁኝም።»

ሰው ከዚህ የተሻለ ምስክር ከየት ያመጣል? ቢሆንም ኢንስፔክተሩ ማረጋገጥ አለብኝ ብሎ አምባውንም ቧንቧውንም እኔንም ይዞ ጣቢያ ገባ። የዕለት ሁኔታ መዝገቡን ከፍቶ በጣቱ ወረደ። የአምባውን ስም አገኘ፤ እሮብ ማታ አንድ ሰዓት ላይ ነው የገባው። ጣቱ ግን አልቆመም። ወደ ላይ ተመለሰ፣ አንድ መስመር ላይ ረጋ። ቅርንፉዱን ከአፉ አወጣ።

ወንበር ሳበልኝ። ለኔ ወንበር የሚስብ ሰው አይቼ ስለማላውቅ ፈራሁ። መዝገቡን ወደኔ አዞረውና አንብቢ አለኝ።

እሮብ፣ ንጋት 11 ሰዓት። አንድ የገላን ኮንዶሚኒየም ነዋሪ ደውለው፣ በብሎኮቹ መሃል ጥሩምባ እየተነፋ ልጆች እንደቀሰቀሰባቸው አመልክተዋል። የተወሰደ እርምጃ፦ ተመዝግቧል።

«እሮብ ሲነጋ ገላን ላይ ጥሩምባ ተነፋ» አለ ኢንስፔክተሩ። «እሮብ ማታ ደግሞ አንቺ ጥሩምባውን ወልውለሽ፣ አለ ብለሽ ፈረምሽ። ወይ ሁለት ጥሩምባ አለ፣ ወይ አንድ ውሸታም አለ።»

ከጀርባ፣ ከማረፊያ ቤቱ፣ የጋሽዬ ሳል ይሰማል። ከተናገርኩ ሥራዬ ይሄዳል። ዝም ካልኩ ነገ ፍርድ ቤት ይወስዱታል።

«ሰኞ ነው የፈረምኩት» አልኩ።

«የሰኞን?»

«የሳምንቱን።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰኞ ሰኞ በደንብ እጠርጋለሁ፣ እወለውላለሁ። ከዚያ ቅጹ ላይ እስከ አርብ ድረስ ያለውን አንዴ ፈርሜ እገላገላለሁ። አቶ ወልደሰንበትም ሳያዩ ማኅተም ይመቱበታል። አቧራም ቢሆን በአንድ ቀን የት ይደርሳል? እንዲህ ነበር የማስበው። የእሮብ 11 ሰዓቱን የጻፍኩት ሰኞ ጠዋት፣ እሮብ የሚባለው ቀን ገና ሳይመጣ ነው። የእሮቦቹ ሁለት ጎብኚዎችም ዝናቡ እስኪያባራ ከመጀመሪያው ክፍል አላለፉም። ሐሙስ ሲጠይቀኝ ልናገር ነበር፤ ግን አቶ ወልደሰንበት አጠገቤ ቆመው ነበር፤ ከዚያ ጋሽዬን ሲይዙት ያስገባው የኔ ውሸት መሆኑ አልገባኝም። ማታ ሲያስል ስሰማ ገባኝ። ከዚያ በኋላ ደግሞ ፈራሁ።

ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅኩ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። እሱ ግን ጉንጩን ይዞ መስኮቱን አየ።

«አጎትሽ ሳይጠብቅ ጠበቅኩ አለኝ። አንቺ ሳትጠርጊ ጠረግኩ አልሽኝ። እኔም ሁለት ቀን ሙሉ ያልነበረ ሌሊት ስመረምር ከረምኩ» አለ። ቀጥሎ ቀስ ብሎ ጠየቀኝ። «ሰኞ በእርግጥ ነበረ?»

«ነበረ። በእጄ ወልውዬዋለሁ።»

«ማክሰኞ ማን መጣ?»

ያኔ ነው የታወሱኝ።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ ሰባት አሮጊቶች መጥተው ነበር። አቶ ወልደሰንበት ክፍለ ከተማ ስብሰባ ሄደዋል። ሴቶቹ ነጠላቸው ረጥቧል፣ ጫማቸውን በር ላይ በደንብ ጠርገው ገቡ። ያን ያህል ሰው አንዴ መጥቶልኝ ስለማያውቅ ደስ ብሎኝ ብዙ ቀባጠርኩ። ጥሩምባው ጋ ስደርስ የጦር አለቃ ዘመቻ ሲወጣ የሚያስነፋው ነው አልኳቸው። ረጅሟ ሴትዮ ጎንበስ ብለው አዩኝ።

«እንዲህ ነው እንዴ ልጄ?»

«አዎ እማማ፤ ፈረሶቹ ድምፁን ሲሰሙ ይጨፍሩ ነበር።»

እርስ በርስ ተያዩ። ከመካከላቸው አንዷ ውሃ ጠማኝ አሉ። ሀይረዲን ሱቅ ሄድኩ፤ እዚያ ዝናቡም ወሬውም ያዘኝ። ስመለስ ሁሉም የጎብኚዎች መዝገቡ ጋ ተሰብስበዋል፤ ረጅሟ ፊደሉን እንደ ጥልፍ አንድ በአንድ እየለቀሙ ይጽፋሉ፣ ሌሎቹ ተራቸውን ይጠብቃሉ። ሲወጡ እያንዳንዳቸው ግንባሬን ሳሙኝ፣ መረቁኝ፣ አንዷ እፍኝ ሙሉ ቆሎ ሰጡኝ። አንደኛዋ ነጠላቸውን ደረታቸው ላይ ደርበው አጥብቀው ይዘውት ነበር። በርዷቸው መሰለኝ። በሩን ንፋስ እንዳይመልሰው የያዝኩላቸው እኔ ነኝ።

ይህን ስጨርስ ኢንስፔክተሩ ባርኔጣውን አንሥቶ ነበር።

ሙዚየም ስንደርስ አቶ ወልደሰንበት ከቴርሞሳቸው ጀርባ ነበሩ። የጎብኚዎቹ መዝገብም በሐሙሱ ቦታው፣ መግቢያው ጠረጴዛ ላይ፣ ተዘግቶ ተቀምጧል። የማክሰኞ ምን ያደርግልዎታል አሉ፤ ስርቆቱ የእሮብ ሌሊት ነው። ኢንስፔክተሩ ገለጠው። ስም፣ አድራሻ፣ አስተያየት የሚሉ ሦስት ዓምዶች አሉት። ፊደሉ ትልልቅ ነው፣ ከመስመር ይወጣል፤ መሠረተ ትምህርት ላይ የተማረ ሰው ፊደል ነው። ጮክ ብሎ አነበበው።

«ስም፦ አደሴ ገዳና ስድስት ጓደኞቿ። አድራሻ፦ ገላን ኮንዶሚኒየም፣ ብሎክ 41፣ ምድር ላይ። አስተያየት፦ ጥሩምባችንን ወስደናል። ማመልከቻ ካስገባን ሰባት ወር ሆነን። ኦልጅራ ሊሞት ነው፣ ከዚህ በላይ መጠበቅ አልቻልንም። ጨርቁን አጥፈናል። ስላስቀመጣችሁልን እግዜር ይስጥልን።»

ከሥሩ ስድስት የአውራ ጣት አሻራ፣ በሰማያዊ ቀለም።

ኢንስፔክተሩ ሃያ ዓመት ሙሉ ሌባ ሲያሳድድ አሻራውን ራሱ አሰልፎ፣ ቤቱን ጠቁሞ የሄደ እንዳልገጠመው ፊቱ ላይ ይነበብ ነበር። ያን መዝገብ እኔ በየሳምንቱ አቧራውን አራግፍለታለሁ፣ አቶ ወልደሰንበት ሲሞላ ሌላ ይገዛሉ። ከፍቶ ያነበበው ሰው ግን የለም።

«ማመልከቻ» አለ ኢንስፔክተሩ። «ሐሙስ ማንም አልጠየቀም ብለውኝ ነበር።»

አቶ ወልደሰንበት ቀስ ብለው ቴርሞሱን አነሡት። ከሥሩ አንድ ወረቀት ነበር፤ መሃሉ ላይ የቴርሞሱ ቂጥ ክብ አድርጎ ታትሞበታል። ከወረዳ ደብዳቤ አምጡ ብያቸው ነበር አሉ፤ ወረዳው ደግሞ ከሙዚየሙ አምጡ ብሏቸው ነበር መሰለኝ አሉ።

ገላን ስንደርስ ዝናቡ ቆሟል። ብሎክ 41 ፊት ለፊት፣ ልብስ በተሰጣበት ገመድና በቆሙ መኪኖች መሃል፣ ድንኳን ተተክሏል። የኦልጅራ ሣልስት ነበር። ያቺ ረጅም ሴትዮ ከድንኳኑ ብቅ ብለው የደንብ ልብሱን አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩ።

«ዘገያችሁ» አሉ እማማ አደሴ። «አድራሻ ጽፈን ነበር እኮ።» ወደኔ ዞረው ደግሞ «ፈረሶቹስ ደህና ናቸው?» አሉኝ።

መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ።

ከመቀመጣችን ንፍሮ አመጡልን። ኢንስፔክተሩ በልቅሶ ቤት እንቢ ማለት ስለማይችል አፍሶ ቃመ። አንዷን ባቄላ በታመመው ጥርሱ ሲነክሳት እንባው በሁለቱም ጉንጩ ወረደ። ሴቶቹ አይተው ከንፈራቸውን መጠጡ፤ ኦልጅራን ያውቀው ኖሯል ተባባሉ።

እማማ አደሴ ሁሉንም ነገሩን። ኮንዶሚኒየሙ ከመሠራቱ በፊት እዚህ መንደራቸው ነበር። ኦልጅራ የእድሩ ጥሩምባ ነፊ ነው። ሰው ሲሞት ሌሊት ተነሥቶ በየቤቱ ደጅ እየነፋ፣ ማን እንደሞተና ቀብሩ መቼ እንደሆነ ይለፍፋል። መንደሩ ሲነሣ ሰዉ ገላንና ኮዬ ፈጬ ተበተነ፤ የእድሩ ሣጥንም ከነጥሩምባው ቀበሌ ቀረ፣ ከቀበሌ ሙዚየም ገባ። ከዚያ ወዲህ መርዶ የሚመጣው በልጆቹ ስልክ፣ በቴሌግራም ነው። ባለፈው ጥር ጓደኛቸው ኮዬ ፈጬ ሞተች። ልጆቹ መልእክቱን ለቀዋል፤ አሮጊቶቹ ግን የሰሙት በሦስተኛው ቀን ነው። ስድሳ ዓመት አብራቸው ውሃ የቀዳች ሴት፣ ያለ እነሱ ተቀበረች። ማመልከቻውን ያስገቡት በማግስቱ ነበር።

«ማክሰኞ ኦልጅራ መናገር አቆመ» አሉ። «አርባ ዓመት የሰውን ሞት የነገረ ሰው ነው። የሱንስ ማን ይንገርለት? ወንዶቹ አልቀዋል። እኔ ነፋሁት፤ ሁለቴ ብቻ ነው የወጣልኝ። ግን ሰው ወጣ። ከአምስተኛ ፎቅ ሳይቀር ባዶ እግራቸውን የወረዱ አሉ።»

ኢንስፔክተሩ ጥሩምባውን አምጡ ብሎ መጠየቁ እንደከበደው ያስታውቅ ነበር። ቢሆንም ጠየቀ፤ በዚህ ዕቃ ምክንያት አንድ ሰው ታስሯል አላቸው። ይህን አያውቁም ነበር። ደነገጡ፣ ገቡና በነጠላ ጠቅልለው ይዘው መጡ። አፉ አጠገብ ያለችውን ስርጉዳት አይቼ እሱ ነው አልኩ። እንዲህ ሲያበራ ግን አይቼው አላውቅም። እኔ ሰኞ ሰኞ ከምወለውለው ይልቅ አንድ ቀን መነፋቱ የበለጠ አብርቶታል።

እማማ አደሴ ኢንስፔክተሩ ጉልበት ላይ አኖሩት።

«ውሰደው ልጄ፤ ሰውየውንም ፍቱት። እኛ ሳንሞት ቅርስ ካደረጋችሁት ምን ይደረጋል። ግን ከመሄድህ በፊት ከሰባታችን ቀጥላ የምትሞተው ማን እንደሆነች፣ ቀኑም መቼ እንደሆነ ንገረኝ። ማመልከቻውን ከሰባት ወር በፊት ላስገባ።»

እኔ ጥሩምባውን አያለሁ፤ ጋሽዬ እዚያ ውስጥ ነው ያለው። ይዘነው ከሄድን ዛሬውኑ ይወጣል። እማማ አደሴን ግን ቀና ብዬ ማየት አልቻልኩም።

በመጨረሻ ኢንስፔክተሩ ስልክሽ ፎቶ ያነሣል ወይ አለኝ። ጥሩምባውን መልሶ ለሳቸው አስያዘና አንሻቸው አለ። እሱ ደግሞ ጉልበቱ ላይ ወረቀት ዘርግቶ ጻፈ፣ ጮክ ብሎም አነበበልን። ዕቃው በባለቤቶቹ እጅ ተገኝቷል። ባለቤቶቹ በጽሑፍ ጠይቀው፣ ሲወስዱም በጽሑፍ አሳውቀዋል። ማመልከቻው ከዚህ ጋር ተያይዟል። ስርቆት አልተፈጸመም።

«ይህ ያልፋል?» አልኩት ወደ ታክሲው ስንሄድ።

«እንጃ» አለ። «ግን በዚህ መዝገብ ውስጥ እውነቱን የጻፉት እነሱ ብቻ ናቸው። የማን ቃል ላያይዝ?»

ጋሽዬ አርብ 11 ሰዓት ላይ ወጣ። ጺሙ አድጓል፣ የጫማውን ማሠሪያ እጁ ላይ ጠቅልሎታል። ስለ ቅጹ መንገድ ላይ ነገርኩት። እሱም ስለ ሲሚንቶው ሊነግረኝ ጀመረና አውቃለሁ ስለው ተወው። ለምን እንደሚሠራ ጠየቅኩት። መስከረም ላይ የማታ ትምህርት መመዝገቢያሽ አለ አለኝ። ገበያውን አልፈን ግቢው በር ላይ ስንደርስ ቆመ።

«ሌላ ጊዜ ስትፈርሚ» አለ «ቢያንስ እፍ በይበት።»

ያን ያህል ብቻ ነው የተቆጣኝ።

አቶ ወልደሰንበት ሰኞ ሊያባርሩን ይችሉ ነበር። እኔ የፈረምኩበትን ቅጽ ካቀረቡ ግን ማኅተማቸውም አብሮ ይቀርባል፤ የጋሽዬን ነገር ካነሡ የቴርሞሱም ወረቀት ይነሣል። ስለዚህ ሦስታችንም ዝም ተባብለን ሥራ ገባን። ጋሽዬ ቃሊቲ መሄዱን ትቷል፤ ወገቤን ማለቱን ግን አልተወም። ኢንስፔክተሩ ጥርሱን አስነቅሎ አንድ ቀን ሊጎበኝ መጣ። ዝናብ ሳይዘው የመጣ የመጀመሪያው ሰው ነው።

እኔ አሁን በየቀኑ እጠርጋለሁ፣ ሰኞ የሰኞን ብቻ እፈርማለሁ። ማታ ከመዝጋቴ በፊት የጎብኚዎችን መዝገብ አነባለሁ። አብዛኛው «ጥሩ ነው» ነው፤ ቢሆንም አነበዋለሁ። ጎብኚ ሲመጣ ባዶውን ሳጥን አሳያለሁ፤ ቀዩ ጨርቅ እንደታጠፈ ነው፣ አልነካሁትም። ፈረስ የለም፣ የጦር አለቃ የለም። ኦልጅራ የሚባል ሰው አርባ ዓመት የሰውን ሞት የነገረበት ጥሩምባ ነው እላቸዋለሁ።

«ታዲያ የት አለ?» ይሉኛል።

«ሥራ ገብቷል» እላቸዋለሁ።